ሁለት ትራንስፎርመር ደርቦ ማሰር አይገባም፦ ለአንድ የሞዴል ባቡር ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ ሞዴል ባቡር የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። መጀመሪያ በጣም ደስ አለኝ። በቋንቋችን በዚህ ጉዳይ የጻፈ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ጸሐፊው እንደለፉበትም ያስታውቃል፤ በእጃቸው ሥዕል ሁሉ ሠርተውለታል። ሁለተኛውን ሥዕል ሳይ ግን ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ይህን የጻፍኩት በዚያ ሥዕል ምክንያት ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ሞዴል ባቡር ማለት እውነተኛውን ባቡር በልኬት አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው። በብዛት የሚሠራው ኤችኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ባቡሩ ሽቦ አይጎትትም። ኮረንቲ የሚያገኘው ከሚሄድበት ሐዲድ ነው፤ በአንዱ ሐዲድ ይመጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱ ሐዲዶች በብረት ከተገናኙ ወዲያው ሾርት ነው። መንኮራኩር ከመስመር ሲወጣ ደግሞ ሁለቱን ሐዲዶች ማገናኘቱ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ። ብዙው ክርክሬ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

የጸሐፊው ምክር ባጭሩ ይህን ይመስላል። አንድ ትልቅ 12 ቮልት፣ 30 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ግዙ፤ ለሐዲዱም፣ ለቤቶቹ መብራትም፣ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ለሚያዞሩት መስመር መቀየሪያዎችም ይበቃል። ካነሰ ሌላ ትራንስፎርመር ጨምሩና መውጫዎቻቸውን አንድ ላይ እሰሩ። የመመለሻ ሽቦውን ሁሉ በአንድ ቋጠሮ ሰብስቡ። ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ችግር የለውም፣ ፊውዝም ትርፍ ነገር ነው። መስመሩን ለመከፋፈል ከሁለቱ ሐዲዶች አንዱን መቁረጥ ይበቃል። ብዙ ፓወር ሰፕላይ መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ በከፊል እስማማለሁ። አንድ ሜትር ከሃያ በሁለት ሜትር ከአርባ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሁለት ባቡር ለሚነዳ ሰው አንድ ፓወር ሰፕላይ በቂ ሊሆን ይችላል። ግን 30 አምፔር ለምን? የዛሬ ጊዜ የኤችኦ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ባለሞተሩ፣ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ አምፔር አይበልጥም። አሥር ሎኮሞቲቭ በአንዴ ቢሄድ እንኳ 5 አምፔር ነው። ጸሐፊው ስሌቱን አላሳዩም። «ለወደፊቱ ይጠቅማል» ብለው አልፈውታል።

ትርፍ አምፔር ጎተራ ውስጥ እንዳለ ትርፍ እህል ተቀምጦ አይጠብቅም። ሾርት በተፈጠረ ቀን በአንድ ጊዜ ይወጣል። 12 ቮልት በ30 አምፔር 360 ዋት ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ 40 ዋት ገደማ ነው። ዘጠኝ መበየጃ አንድ ላይ ይዛችሁ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሎኮሞቲቭ ላይ ስታሳርፉ አስቡት።

ይህ በሐሳብ ያመጣሁት አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ እዚህ አሜሪካ የአንድ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ስብስብ ዘንድ ተጋብዤ ነበር። ክፍል የሚሞላ መስመር አላቸው። በአንድ ጥግ አንዲት ሎኮሞቲቭ መስመር መቀየሪያው ላይ ስትደርስ ከሐዲዱ ወጣች። ሁላችንም በሌላኛው ወገን ረጅሙን የዕቃ ባቡር፣ ሠላሳ ምናምን ፉርጎ የሚጎትተውን፣ እያየን ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ስንደርስ መንኮራኩሮቹን የያዘው ፕላስቲክ ቀልጦ ሐዲዱ ላይ ተጣብቋል። ፓወር ሰፕላዩ ግን አልጠፋም ነበር። አረንጓዴ መብራቱ እንደበራ ነው። ለእሱ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም።

ለምን አልጠፋም? እዚህ ላይ የጸሐፊው የቀጭን ሽቦ ምክር ይመጣል። ሁለቱን ነጥቦች ለያይተው ጽፈዋቸዋል። አደጋው ግን ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚፈጠረው። እንቁጠረው። 0.3 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እንውሰድ። ከፓወር ሰፕላዩ እስከ ጥጉ አምስት ሜትር ይሄዳል፣ አምስት ሜትር ይመለሳል። አሥሩ ሜትር 0.57 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ጥጉ ላይ ሾርት ሲፈጠር 12ን ለ0.57 አካፍሉ። 21 አምፔር ነው። የፓወር ሰፕላዩ ልክ 30 ስለሆነ 21 ለእሱ የተለመደ ሥራ ነው። ዝም ብሎ ይሰጣል። 250 ዋት ያህል ሙቀት በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ ይነዳል። ያውም ከጠረጴዛው ሥር፣ በእንጨትና በፎም መካከል፣ ዓይን በማያየው ቦታ።

ያው ሽቦ ሾርት ሲፈጠር ራሱን ከሚያጠፋ 5 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ጋር ቢሆን ግን ሾርቱ ከልኩ በላይ ስለሚሆንበት ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ «ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ አደጋ የለውም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። 12 ቮልት ሰውን አይመታም፣ እውነት ነው። እሳት የሚያስነሳው ግን አምፔሩ ነው። የመኪና ባትሪም 12 ቮልት ብቻ ነው። መፍቻ ሁለቱ ራሶቹ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል።

ቀጭን ሽቦ ሌላም ጣጣ አለው። በዚያው አሥር ሜትር ላይ 5 አምፔር ሲያልፍ ወደ 3 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ይቀራል። ባቡሩ ወደ ጥግ ሲሄድ የሚደክመውና መብራቱ የሚፈዘው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሶኬት የሚዘረጋውን 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብትጠቀሙ የሚጠፋው ከ0.4 ቮልት በታች ነው። አሜሪካ ላላችሁ ቁጥር 14 የሚባለው ሽቦ ለዚህ ቅርብ ነው። ዋናውን መስመር በእሱ ዘርጉ። ከዚያ ወደ ሐዲዱ የምትወጣው አጭር ሽቦ ቀጭን ብትሆን ችግር የለም፤ አንድ ስንዝር ስለሆነች።

ልክ መሥራቱን የምታውቁበት ቀላል ፈተና አለ። የባቡር ወዳጆች እዚህ በኳርተር ሳንቲም ነው የሚሠሩት፤ የአንድ ብር ሳንቲምም ይሆናል። 5 አምፔር ወይም ከዚያ በታች በሆነ፣ ራሱን በሚያጠፋ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነው የሚሞከረው። ሳንቲሙን ሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድሙት። ኮረንቲው ወዲያው መጥፋት አለበት። በየክፍሉ፣ በተለይ ሩቅ ባለው ጥግ፣ ይህን ሞክሩ። ካልጠፋ ሳንቲሙን ቶሎ አንሱ። ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ ብየዳው ደካማ ነው።

ፊውዝን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ፊውዝ ወይም ብሬከር ይግባ። ከቸገረ የድሮ ሰዎች አንድ ዘዴ ነበራቸው። 12 ቮልት፣ 21 ዋት የሆነውን የመኪና የፍሬን መብራት አምፖል በመስመሩ መሐል በተከታታይ ማስገባት ነው። ሾርት ሲፈጠር አምፖሉ ይበራል፣ ኮረንቲውም 2 አምፔር አካባቢ ላይ ይገታል። የትኛው ክፍል እንደተበላሸም በዓይን ታያላችሁ። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ከፕላስቲክና ከእንጨት አርቁት።

አሁን ወደዚያ ሥዕል ልምጣ። ሁለት ተራ ትራንስፎርመሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው የግድግዳውን ኮረንቲ ወደ 16 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ያወርዳሉ። የአንዱ ሁለት መውጫዎች ከሌላው ሁለት መውጫዎች ጋር ታስረዋል። ከሥሩ «ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል» ይላል።

ትራንስፎርመር በሁለቱም በኩል የሚሠራ ዕቃ ነው። ከ220 ወደ 16 የሚያወርደው ያው ትራንስፎርመር፣ 16 ከኋላው ከሰጣችሁት ወደ 220 ይመልሰዋል። ሁለቱ ታስረው እየሠሩ ሳለ የአንዱን ስፒና ከሶኬት ነቀላችሁ እንበል። ጠፍቷል ብላችሁ ታስባላችሁ። ግን ከሶኬት ያልተነቀለው ትራንስፎርመር 16 ቮልቱን ወደተነቀለው ይልክበታል። የተነቀለው ደግሞ ወደ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይቀይረዋል። እጃችሁ ላይ ያለው ስፒና፣ ሁለቱ ራቁት የብረት እግሮቹ፣ የግድግዳ ሶኬት ያህል ኮረንቲ ይዘዋል። እዚህ አሜሪካ 120 ቮልት ነው። አዲስ አበባ 220 ነው። ወለል ላይ የተጣለ ስፒና ማን እንደሚያነሳው ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ነው የሚያነሳው።

ይህ ብቻ አይደለም። ተለዋዋጭ ኮረንቲ በየቅጽበቱ ይገላበጣል። ሁለቱ ትራንስፎርመሮች እኩል ካልተራመዱ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ፣ 16 እና 16 ተደምሮ 32 ቮልት በሁለቱ መካከል ይዞራል። መሐሉ ላይ ከሽቦ በቀር የሚገታው የለም። ባለሁለት እግር ክብ ስፒና ደግሞ ገልብጦም ይሰካል። ስለዚህ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ስፒናው ተገልብጦ ስለተሰካ ብቻ ሊቃጠል ይችላል።

ዘመናዊዎቹ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚሰጡ ፓወር ሰፕላዮች ወደ ኋላ 220 አይሰጡም። እነሱንም ግን ዝም ብሎ ደርቦ ማሰር አያዋጣም። አንዱ 12.0 ሌላው 12.2 ቮልት ቢሰጡ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ባለ 12.2ቱ ነው። ሌላኛው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጎን ለጎን እንዲሠሩ ሆነው የተፈበረኩ አሉ። ይህ ካልተጻፈበት አይሞከርም።

ጉልበት ሲያንስ ፓወር ሰፕላዮቹን አታዳምሩ፤ ጭነቱን አካፍሉ። አንዱ ምሥራቁን ሐዲድ፣ ሌላው ምዕራቡን፣ ሦስተኛው መብራቶቹን ይያዝ። ሁሉም የየራሱ ሽቦና የየራሱ ፊውዝ ይኑረው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መመለሻውን ሁሉ አንድ ላይ መቋጠር፣ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ከዲጂታሉ ዘመን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በሐዲዱ በኩል በሚላክለት ትእዛዝ ለብቻው መነዳት ከመጀመሩ፣ በፊት ሁለት ሰዎች ሁለት ባቡር ሲነዱ አንዱን ሐዲድ የጋራ መመለሻ ማድረግ የተለመደ ነበር። ይሠራልም። ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የእያንዳንዱ ነጂ መቆጣጠሪያ የራሱ ትራንስፎርመር ሊኖረው ይገባል። በጸሐፊው ሥዕል ላይ ግን ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ነው የሚቀዱት።

አንደኛው ሰው ወደ ፊት ሲነዳ የጋራው ሐዲድ ኔጌቲቭ ነው። ሁለተኛው ሰው ባቡሩን ወደ ኋላ ለመመለስ ማርሹን ሲገለብጥ ያንኑ የጋራ ሐዲድ ፖዘቲቭ ያደርገዋል። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ የአንድ ሳጥን ናቸው። በዚያች ቅጽበት ሾርት ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እስከነዱ ድረስ ችግሩ አይታይም። ስለዚህ ሰው ሳምንት ሙሉ ሲሠራበት ይቆይና አንድ ቀን ለምን እንደጠፋበት ይጨንቀዋል። ሁለት የተለያዩ ፓወር ሰፕላዮች የሚያስፈልጉበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ጉልበት መጨመሩ ሁለተኛ ነገር ነው።

ጸሐፊው «ለዲጂታልም ያው ነው» ይላሉ። ያው አይደለም። ዲሲሲ የሚባለው ዲጂታል አሠራር የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ከሠራው ተነስቶ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ደረጃ የወጣለት ነው። እዚያ ሐዲዱን የሚመግበው መሣሪያ ቡስተር ይባላል። ቡስተሩ እያንዳንዱን ሐዲድ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ አንዴ ከፖዘቲቭ፣ አንዴ ከኔጌቲቭ ጋር ያገናኛል። ቋሚ ኔጌቲቭ የሆነ ሐዲድ የለም። አንዱን ሐዲድ ከመብራቱ ኔጌቲቭ ጋር ብትቋጥሩና መብራቱም ቡስተሩም ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ቢመገቡ፣ ያ ሐዲድ ፖዘቲቭ በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ ሾርት ነው። ለእያንዳንዱ ቡስተር የራሱን ፓወር ሰፕላይ ስጡት። የሐዲድ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር አይገናኝ። ቡስተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ የመሬት ሽቦ አስፈላጊ መሆን አለመሆኑ እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዳንዱ ግድ ይላል፣ አንዳንዱ አይፈልገውም። የዕቃው መመሪያ ላይ አለ።

ሐዲድ መቁረጡንም ከዚሁ ጋር ላንሳው። አንዱን ወገን መቁረጥ በድሮው የጋራ መመለሻ አሠራር በቂ ነበር። ሁለት ቡስተሮች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ግን ሁለቱንም ሐዲዶች ቁረጡ። ከዚያ በመልቲሜትር ክፍተቱን ተሻግራችሁ፣ በአንድ ወገን ያለውን ሐዲድ ከተከታዩ ጋር ለኩ። የሜትሩን ቁልፍ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ላይ አድርጉት። ንባቡ ለዜሮ ከቀረበ ሁለቱ አብረው እየተራመዱ ነው። የሐዲዱን ቮልቴጅ ያህል ካሳየ የአንዱን ቡስተር ሁለት ሽቦዎች አለዋውጡ። ይህን ሳያደርጉ ባቡር ማሳለፍ አይገባም፤ ሎኮሞቲቩ ክፍተቱን በመንኮራኩሮቹ ስለሚያገናኘው ሾርት ይፈጥራል።

እውነተኛው ባቡርም ይህ ጉዳይ አለበት። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመር በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው የሚሠራው። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ የአንዱ ኃይል ማከፋፈያ ክልል አልቆ የሌላው ሲጀምር፣ በመሐል ኮረንቲ የሌለው አጭር ገመድ ይደረጋል። ባቡሩ ያን ቦታ ኃይል ሳይወስድ፣ በያዘው ፍጥነት ብቻ ያልፈዋል። ሁለቱ ምንጮች በባቡሩ በኩል እንዳይገናኙ ነው ይህ ሁሉ። መሐንዲሶቹ ያን ያህል የተጠነቀቁበትን ነገር እኛም በጠረጴዛችን ላይ ልናከብረው ይገባል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጽሑፉ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው የተሰጠው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያናድደኝ ችግር እሱ ነው። የመስመር መቀየሪያ ሞተሮቹን ከሐዲዱ ኮረንቲ መመገብ። ባቡር በተሳሳተ አቅጣጫ በቆመ መቀየሪያ ላይ ሲገባ ሾርት ይፈጥራል። ኮረንቲው ይጠፋል። ችግሩን ለመፍታት መቀየሪያውን ማዞር አለባችሁ። መቀየሪያው ግን ኮረንቲ የለውም፤ ከሐዲዱ ነው የሚመገበው። ስለዚህ ሄዳችሁ ባቡሩን በእጅ ታነሳላችሁ። ባቡሩ የቆመው ተራራው ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ለመቀየሪያዎቹ የራሳቸው ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ቢኖራቸው ቁልፍ ተጭናችሁ ትፈቱታላችሁ። በቀስታ የሚዞረው ሞተር ያለው ዓይነት እያንዳንዱ ከ20 ሚሊአምፔር ብዙም አይፈልግም። በጥቅልል ሽቦ ተስቦ «ጧ» የሚለው ዓይነት ግን ለአንድ አፍታ ብዙ አምፔር ይውጣል። እሱን ከሐዲዱ ብትመግቡት መብራት ይጨልማል፣ በዲጂታል ላይ ያሉ ሎኮሞቲቮችም ለቅጽበት ሊቆሙ ይችላሉ።

ገንዘቡስ? ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚያነሱት ስጋት ተገቢ ነው። ይህ ሥራ ርካሽ አይደለም። ግን ብዙ ፓወር ሰፕላይ ማለት ብዙ ውድ ዕቃ ማለት አይደለም። ለቤቶቹ ኤልኢዲ መብራት የተበላሸ የዋይፋይ ራውተር 12 ቮልት አዳፕተር ይበቃል። ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የኔ ጠረጴዛ ላይ አራት አሉ፤ ሁለቱ የሐዲድ፣ አንዱ የመብራት፣ አንዱ የመቀየሪያ። ሁሉም አንድ ማጥፊያ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። ስወጣ አንዱን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሁሉም ይጠፋል። የሽቦዎቹን ቀለም ለይቻለሁ። የሐዲዱ ቀይና ጥቁር፣ የመብራቱ ቢጫና ነጭ፣ የመቀየሪያው አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ተኝቼ በባትሪ ሳይ የትኛው የማን እንደሆነ አይጠፋኝም።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ 30 አምፔሩም፣ ስለ ሐዲድ አቆራረጡም ልንከራከር እንችላለን። ሁለተኛውን ሥዕል ግን እባክዎ ዛሬውኑ ያስተካክሉት። ብዙ ሥራ የለውም። የግራውን ትራንስፎርመር ከቀኙ ጋር የሚያገናኙትን ሁለት መስመሮች ማጥፋት ብቻ ነው።